ዝም ብሎ መቀመጥን የተማርንበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ውስጥ፣ እኛ ቤት ሳሎን የነበሩትን እንደተቀመጡበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። በሩን ሲገቡ በስተቀኝ ባለው ሶፋ ጫፍ ላይ እናቴ ነበረች፤ መቀመጫዋ ሳይሞቅ የምትነሳ ሰው ተቀምጣለች ከተባለ። ከእሷ ቀጥሎ ታላቅ እህቴ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በቢሮ ሥራ የምትተዳደር፣ የቤታችንም አለቃ። ከእህቴ ቀጥሎ የንስሐ አባታችን፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። መስኮቱ ሥር፣ ከማድ ቤት በመጣች ዱካ፣ በትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ፣ አያ። አያ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ የሚያርሱ ገበሬ። ሶፋው ላይ ይቀመጡ ሲባሉ በእጃቸው ጫን አድርገው አዩትና «ይሄማ ሰው ይውጣል» ብለው ዱካዋን መረጡ። በሩ አጠገብ ልብስ ሰፊው፣ የድሮ የሥራ ጎረቤቴ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከሆስፒታል የመጣችው የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ፣ ወደ ዕቃ ቤት በሚያስገባው በር ደፍ ላይ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል።

ስማቸውን አልጽፍም። ማን ማን እንደሆኑ እነሱ ያውቁታል።

የተሰበሰቡት እኔ በሕይወት እንድቆይ ነበር። ይህን እንዲህ በግልጥ የምጽፈው ሲስተር ስላስተማረችን ነው። ሰው ስለ መሞት እያሰበ እንደሆነ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ሐሳቡን አያባብሰውም ትላለች፤ የሚያባብሰው ሁሉም አውቆ ሁሉም ዝም ሲል ነው። ስለዚህ በስሙ እጠራዋለሁ። ቢሆንም ያን ቀን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሳቅ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ የፈታሁት የእናቴን ነበር፤ መልሼ ስገጥመው የተረፈ ብሎን አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ አልተውኩም። ለብዙ ጊዜ የምሠራው ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት አንድ በረንዳ ጫፍ ላይ ነበር። ከኔ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ይቀመጣል። እሱ ያወራል፣ እኔ እጠግናለሁ። ከሱ ወዲያ ያሉትን መኪናዎች ፊቴን ሳላዞር በድምፃቸው እለያቸው ነበር፤ የትኛው ቀበቶው እንደላላ፣ የትኛው ዘይት እንደጠማው። ጠዋት ስመጣ መሣሪያዎቼን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እዘረጋለሁ፤ ካቻቪቴዎቹ በቁመታቸው፣ ፒንሳው ከነሱ በስተግራ፣ ቢጫዋ የዘይት ጣሳ በስተቀኝ። ይህ ለኔ ቀኑ በትክክል ተጀመረ ማለት ነበር።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ በረንዳው ፈረሰ። ሰፊዎቹ ተበታተኑ፤ ልብስ ሰፊው ሌላ ሠፈር፣ ሙዚቃ ቤት አጠገብ ቦታ አገኘ። እኔ ሥራዬን ወደ ቤት አመጣሁ። ሰው ሁሉ ጥቂት አጉረምርሞ ተላመደ። እኔ አልተላመድኩም።

የስፌት መኪና ላይ ክሩ ከላይ እስከ መርፌው ድረስ የሚያልፍባቸው መንጠቆዎች አሉ። አንዷን ብትዘሉ መኪናው አይቆምም፤ መስፋቱን ይቀጥላል። ከላይ ስታዩት ስፌቱ ደህና ይመስላል። ጨርቁን ስትገለብጡት ግን ከሥር ክሩ ተቆላልፎ ጎጆ ሠርቷል። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። የዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ይህ መሆኑን በልጅነቴ አጥንቼዋለሁ፤ ዓይን ማየትንም፣ ሰው ሲስቅ መሳቅንም እንዲሁ አጥንቼ ነው። የማልተኛ መሆኔን፣ ድምፅ ሁሉ እንደ መርፌ እንደሚወጋኝ፣ ባልኖር ይሻላል እያልኩ እንደማስብ ለመናገር የሚሆን መልስ ግን አላጠናሁም ነበር።

የደረሰችበት እህቴ ናት። ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ የአባቴ ፎቶ አለ። ተጣሞ ካየሁት ሳላቃናው አላልፍም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅብኛል። አንድ ማለዳ እህቴ ፎቶው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ተጣሟል» አለች።

«አይቼዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰሞኑ።»

«እና ዝም አልከው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ሆነሃል?» አለች። እንዴት ነህ ሳይሆን ምን ሆነሃል ስላለችኝ፣ ላልተጠና ጥያቄ ያልተጠና መልስ ወጣኝ። መኖር እንደደከመኝ፣ ስለ ሞት እንደማስብ ነገርኳት። አልጮኸችም። ቦርሳዋን አነሳችና «ጫማህን አድርግ፣ አብረን እንሂድ» አለች። ሆስፒታል ሄድን።

ሲስተርን ያገኘናት እዚያ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው መብራት ይጮህ ነበር፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ቀጭን ጩኸት። እንድታጠፋው ለመንኳት። አጠፋችውና በመስኮቱ ብርሃን ተነጋገርን። «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ውጭ ዝናብ አለ ወይ እንደሚል ሰው። አዎ አልኳት። ቀጥላ የጠየቀችኝንም ሁሉ መለስኩላት። ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ገና አልተፈወስኩም፤ ጨርቁ ግን ተገልብጧል።

በተከታዮቹ ቀጠሮዎች የሆስፒታሉ ሐኪም እናቴን ስለ ልጅነቴ ጠየቃት። በመጨረሻ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ነገሩን። እናቴ አላመነችም።

«ኦቲዝምማ የማይናገሩ ልጆች ናቸው። የኔ ልጅ እኮ ይናገራል። ስለ ስፌት መኪና አንዴ ከጀመረማ ማን ያስቆመዋል?»

«ይሄው ራሱ አንዱ ምልክት ነው» አለች ሲስተር፤ እናቴም ሳትወድ ሳቀች። ሲስተር እንደ ኔ ያሉ ሰዎች ወደዚህ ጨለማ ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚገቡ፣ ብዙዎቹም ሌላውን ሰው ለመምሰል ሲደክሙ ኖረው እንደሚዝሉ አስረዳችን። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ የምናገርበት ቀጠሮም ተያዘልኝ። እናቴና እህቴ ሲወጡ አንድ ነገር አደራ አለቻቸው። «ለጊዜው ብቻውን አትተዉት።»

ስሕተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። ሲስተር ይህን ያለችው በሐኪም ቋንቋ ነው። እናቴ የሰማችው ግን በሠፈራችን ቋንቋ ነው። በሠፈራችን ቋንቋ በሽተኛ ብቻውን አይተው ማለት ቤቱ ይሙላ ማለት ነው።

ሞላ። የእድሩ ሴቶች መጡ፣ የማኅበሩ ሰዎች መጡ፣ ከማክሰኝት የእናቴ ዘመዶች መጡ። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል፣ ለስላሳ በሳጥን መጣ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሁለት አጎቶች በየተራ ያንኮራፉበት ነበር። ቴሌቪዥኑ ቤቱ ጭር እንዳይል ተብሎ አልጠፋም። እኔ መሀል ተቀምጬ ስለ ኔ ሲወራ እሰማለሁ።

«ምነው እንዲህ ከሳ?»

«ኧረ አልከሳም፤ ፊቱ ጠቆር ብሎ ነው።»

«ምኑን ነው የሚያመው?»

«ራሱን ነው አሉ።»

«እኔንም እኮ ያመኛል። ጤና አዳም በነጭ ሽንኩርት ነው የሚያሽረኝ፤ ነገ ይዤለት እመጣለሁ።»

ይዛልኝ መጣች። ሁሉም እንዴት ነህ ይለኛል፤ እኔም ለሁሉም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። ፍቅራቸው አንድ ላይ ሲመጣ ግን እንደዚያ እንደ ፈረሰው በረንዳ አቧራ ነበር፤ መተንፈሻ አሳጣኝ። ደግሞ እናቴ በሥጋት የመሣሪያ ሳጥኔን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ስለዚህ እጄ የሚይዘው ነገር አልነበረም። ሕመሙ የሚብሰው ከእንክብካቤው የተነሣ መሆኑን ለመናገር ቃል አጣሁ። እንዲህ መኖር ካለብኝ ምን ዋጋ አለው የሚለው ሐሳብ እየተመለሰ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ተነሣሁና ዕቃ ቤት ገባሁ። በአሮጌው የእናቴ መኪናና በእህል ጆንያዎቹ መካከል አንድ ሰው የምትይዝ ቦታ አለች። እዚያ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛና ፀጥ ያለ ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውጭ ሁከት ሆነ። የለም፣ ወጥቷል፣ ማን ነው ያየው። እናቴ ስትጣራ እሰማለሁ፤ መልስ ልስጣት ብል ድምፄ አልወጣ አለኝ። እንዲህ ይሆናል፤ ሲብስብኝ ቃል ይጠፋኛል። ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበርና ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ እስከ ፒያሳ ሮጠ። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ከሙሽራ ልክ ሲወስድ ሙሽራዋ ያመለጠችው መስሎት እንደነበር በኋላ ራሱ ነግሮናል።

በዚያች ሰዓት አያ ደረሱ። ተዘግቶ የቆየው መንገድ መከፈቱን ሰምተው በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሥተው፣ ትከሻቸው ላይ አንድ ጆንያ የባቄላ እሸት ተሸክመው ነበር። ጆንያውን ሊያስቀምጡ ዕቃ ቤቱን ከፈቱና አዩኝ። ወደ ሳሎኑ ዞር ብለው «አለ። እዚህ ነው። ተዉት» አሉ። ከዚያ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ፤ ጆንያው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደኔ ሳያደርጉ እሸቱን ፈተው መፈልፈል ጀመሩ።

እንዴት ነህ አላሉኝም። ምነው እንዲህ ሆንክም አላሉኝም። የቅርፊቱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጠሽ፣ ጠሽ። ከቆይታ በኋላ እጄ ሳላዘው ወደ ጆንያው ሄደ። እኔም መፈልፈል ጀመርኩ። ባቄላውን በትልቅነቱ እየለየሁ ሁለት ክምር ሠራሁ። አያ አዩና ትልልቁን ወደ አንደኛው፣ ትንንሹን ወደ ሌላው ይጥሉ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ጆንያው ሊጋመስ ሲል ድምፄ ተመለሰ። «ሰው በዛብኝ» አልኳቸው።

«ይታየኛል» አሉ አያ።

እህቴ በዚያው ቀን ለሲስተር ደወለች፤ ሲስተርም ቅዳሜ ከሥራዋ መልስ ልትመጣ ቃል ገባች። እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

የተረፈው እሸት በሰፌድ ሆኖ ሳሎኑ መሀል ተቀምጧል፤ ያስቀመጡት አያ ናቸው። ሲስተር መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቴሌቪዥኑ ነበር። እህቴ አጠፋችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «ብቻውን አትተዉት ያልኩት እኔ ነኝ። አብራርቼ መናገር ነበረብኝ። አንድ ሰው ይበቃዋል፤ እሱም የማያስቸግረው» አለች።

«እና እንግዳ መጥቶ ዝም ብዬ ላስቀምጥ?» አለች እናቴ። «ሰው ምን ይለኛል? ተኮራርፈዋል ነው የሚለኝ።»

«ይበል» አሉ የንስሐ አባታችን።

«አባታችን ቀላል አድርገው ተናገሩ። እርስዎ ቤት ሰው ሲመጣ መስቀል ያሳልማሉ፤ ሥራ አለዎት። እኔስ?»

«አንቺ ባቄላ ፈልፍይ» አሉ አያ ከዱካቸው ላይ።

ልብስ ሰፊው ሳቁን መያዝ አልቻለም። አያ ቀና ብለው አዩት። «ወይፈን ሲደነብር» አሉ፣ «ተሯሩጠህ ብትከበው ገደል ይገባብሃል። ራቅ ብለህ ትቀመጣለህ። እሱን የምታይ አትመስልም። ሲበርድለት ራሱ ይመጣል።»

«መሐንዲስ፣ ሰማህ?» አለኝ ልብስ ሰፊው። መሐንዲስ የሚለኝ በረንዳው ላይ ሳለን ጀምሮ ነው። «በሬ አሉህ እኮ።»

«በሬ አላልኩም። በሬ ያርሳል። ወይፈን ነው ያልኩት።»

ሲስተር ራሷ ሳቀች። ቀጥላም እንሞክረው አለች። ሁላችሁም እሸት ያዙ፤ ማንም አይናገር፤ ማንም እሱን አይይ። ተጀመረ።

ሰባት ሰው ያለበት ቤት ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ እህቴ ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት። የንስሐ አባታችን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት እንደ ንግግር ይቆጠራል ወይ ብለው በዓይናቸው ሲስተርን ጠየቋት፣ እሷም በአንገቷ ይቆጠራል አለቻቸው። ልብስ ሰፊው ግን ተሠቃየ። ፊቱ ቀላ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያ አየ። በመጨረሻ ባቄላውን ከፍ አድርጎ «ይሄኛው ግን ትል አለበት» አለ።

«ወደቅህ» አለችው ሲስተር።

«ኧረ ትል እኮ ነው። ትል ሳይ ዝም ልበል?»

«ትሉም ዝም ብሏል» አሉ አያ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አጥንቼው አልነበረም፤ ሌሎቹን አይቼም አልነበረም። እናቴ ይህን አየች፤ ያን ጊዜ ከአንገቷ ላይ ቁልፉን ፈትታ ለሲስተር ሰጠቻት። ሲስተርም የመሣሪያ ሳጥኔን አስመጥታ ከፈተችና አቀበለችኝ። «እጁ ሥራ ሲይዝ ይረጋጋል» አለች። «ጉዳት የሚያመጣ ሌላ ነገር ቤት ውስጥ ካለ ግን ለጊዜው ይራቅ። መድኃኒቱም እህቱ ጋ ይሁን።» የሚርቀውን ሁሉ አያ በከረጢት አስረው ወደ አገራቸው ሊወስዱት ተስማሙ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መሰለን። አያ እግራቸውን ዘረጉ። «ሸጋ» አሉ። «እንግዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።»

«አይደለም አያ» አለች ሲስተር። «ዝምታው ሸጋ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። አብሮት የተቀመጠ ሰው አንዴ መጠየቅ አለበት። እንዴት ነህ ብሎ ሳይሆን፣ በግልጥ።»

አያ ገባቸው። እግራቸውን መልሰው ሰበሰቡ። «እሱንማ እኔ አልለውም» አሉ።

«ለምን?»

«በአፍ አይወጣም። እንዲህ ያለ ነገር በኛ ዘንድ ስሙ አይነሣም። ስሙን ከጠራሁትማ ሞቱን የጠራሁበት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሉ የሚቀልድ አልነበረም። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። የንስሐ አባታችን ናቸው የተናገሩት። ሰው ሲናዘዝም ሕመሙን በስሙ ካልጠራው አይቀልለውም አሉ፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነው፣ ጥያቄውንም እንዲሁ አሉ። አያ ሰፌዱን በእጃቸው ገፋ አድርገው ከዱካዋ ተነሡና እኔ ወዳለሁበት ደፍ መጡ፤ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳደረጉት ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አደረጉ።

«ልሞክረው» አሉ። «ለልምምድ ነው እንግዲህ። አንተ ልጅ፣ ራስህን... ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ ወይ?»

ለልምምድ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ለልምምድ የሚሆን መልስም ነበረኝ፤ አላስብም ማለት። ግን አያ ይህን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ምን ያህል እንደተቸገሩ አይቼ ነበር፤ እጃቸው ላይ ያለችው ባቄላ ተፈርክሳለች። እውነተኛ ጥያቄ ስለነበር እውነተኛ መልስ ሰጠኋቸው።

«ዛሬ ጠዋት አስቤ ነበር» አልኳቸው። «አሁን አላስብም። ጠዋት ግን አስቤ ነበር።»

ይህን ተናግሬ የእናቴን ጩኸት ጠበቅሁ። አልመጣም። ማንም አልተነሣም፣ ማንም እግዚኦ አላለም። እናቴ ሰፌዱን ወደራሷ ሳበችና ባቄላ መፈልፈሏን ቀጠለች፤ እንባዋ እየወረደ፣ እጇ ሳያቋርጥ። ልብስ ሰፊውም ከዚያ በፊት አንዴም ያላሳካውን ዝምታ አሳካ። አያ ወደ መስኮቱ እያዩ «ስለነገርከኝ ሸጋ አደረግህ» አሉ። «አሁን እዚህ ነኝ።»

ሲስተር ከዚያ በኋላ ያደረገችው ቀላል ነው። ጠዋት ምን እንደነበር ጠየቀችኝ፤ የአጎቶቹ ማንኮራፋትና እንቅልፍ ማጣት መሆኑን ነገርኳት። ፍራሾቹ በዚያው ምሽት ተጠቀለሉ። ቀጠሮዬን ወደ ሰኞ አቀረበችው። መልሱ «አዎ፣ አሁን» ከሆነ፣ ማንም እንዳይከራከረኝ፣ እንዳይመክረኝ፣ ሳይለየኝ ይዞኝ ወደ ሆስፒታል እንዲመጣ ለእያንዳንዱ ነገረችው፤ እያንዳንዱም በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራት አደረገች።

«ቃል ሲጠፋብህስ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ድምፅህ ሲሄድ ሰው እንዲመጣልህ በምን ትጠራለህ?»

አሰብኩና ከሳጥኔ ውስጥ ቢጫዋን የዘይት ጣሳ አወጣሁ። በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። ከውጭም ከውስጥም ትታያለች። አንድ ሰው ይምጣ፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይጠይቀኝ ማለት ነው።

«ዘይት ልትጨምር ስታወጣትስ በምን እንለያለን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ዘይት ስጨምር መስኮት ላይ አላስቀምጣትም።»

«ልክ ነው። አንተ መሐንዲስ እኮ ነህ።»

ጣሳዋ ከዚያ ወዲህ መስኮት ላይ የወጣችባቸው ቀናት አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት እናቴ ወይም እህቴ ናቸው። እናቴ አሁን ሹራብ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ሹራቡ ማለቂያ የለውም፣ እጅጌው ከኔ ክንድ በጣም ረዝሟል፤ ሳታወራ ስትቀር ነው የሚረዝመው። ጥያቄውን ግን አንድም ቀን አልዘለለችውም።

አንድ ቀን ሁለቱም አልነበሩም፤ ሲስተር ብቻዬን መሆን እንደምችል ከተናገረች በኋላ ነው። ነፋስ ያለበት ከሰዓት ነበር፣ ከውጭ አንድ መኪና ጥሩምባውን አላቆም ብሎ። ጣሳዋን አወጣኋት። ጥቂት ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ፤ ልብስ ሰፊው ነው። በመንገዱ ሲያልፍ አይቷት ነበር። ገባ፤ እጅ አልነሣም፣ እንዴት ዋልክ አላለም። የአያን ዱካ ጎትቶ ተቀመጠና ይዞት የመጣውን ሱሪ ጫፍ በእጁ ይሰፋ ጀመር። እኔ አንድ መኪና ፈትቼ እያጸዳሁ ነበር። የሱ መርፌ ይሄዳል፣ የኔ ካቻቪቴ ይሄዳል። በረንዳው ላይ እንደነበርነው ጎን ለጎን ነበርን፤ ልዩነቱ እሱ ዝም ማለቱ ነው። እንዴት እንደቻለ አላውቅም። የሱሪውን አንድ እግር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ ዓይኑን ሳያነሣ «ስለ መሞት ታስባለህ?» አለ።

«አላስብም» አልኩት። «ድምፁ ነው የከበደኝ። አሁን ቀለለኝ።» እውነት ነበር።

መስፋቱን ቀጠለ። ሁለተኛው እግር አለቀ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«እንግዲህ ላውራ?»

ጣሳዋን ከመስኮቱ አንሥቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። «አውራ» አልኩት። እስኪመሽ አወራ።

ይህን የጻፍኩት እኔ በተቀመጥኩበት ደፍ በኩል የታየውን ብቻ ነው። እናንተ ያን ቀን ሳሎን የነበራችሁት ግን በሌላ በኩል ነበራችሁ። እናቴ ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር ትላለች፤ እኔ የማስታውሰው የመስኮቱን ፀሐይ ነው፤ ማን ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ። አያ፣ ባቄላዋ እጅዎ ላይ የተፈረከሰችው ከጥያቄው በፊት ነው ወይስ በኋላ? የንስሐ አባታችን፣ ጸሎትም ይቆጠራል ከተባሉ በኋላ እውነት አቆሙ? እህቴ፣ የአባታችንን ፎቶ ያን ቀን ማን እንዳቃናው ታስታውሺያለሽ? እኔ አይደለሁም፤ ስገባ ግን ቀጥ ብሎ አገኘሁት። ሲስተር፣ ስትወጪ በሩ ላይ ለእናቴ በጆሮዋ ያልሻትን እስካሁን አልነገረችኝም። ልብስ ሰፊው፣ አንተ ትሉ እውነት እንደነበረ ማስረጃ ካለህ አምጣ። የቀረውን ሁላችሁም ጨምሩበት፤ እየመጣችሁ ንገሩኝ፣ አንድ አንድ እየሆናችሁ።